«ልጄ እያየ ‹እጅ ወደ ላይ!› ተባልኩ»

ጤና ይስጥልኝ የዓምዱ አዘጋጅ። ዓምድዎን የምታነበው ባለቤቴ ናት፤ እኔ ስጽፍ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ዕድሜዬ 43 ነው። በዲቪ ዕጣ ወደ አሜሪካ ከመጣን ዘጠኝ ዓመት አልፎናል፤ የምንኖረው በምዕራቡ ተራራማ ክፍል ነው። የግዛቱን ስም ብተወው ይሻለኛል፤ እዚህ የእኛ ሰው ጥቂት ስለሆነ ማን እንደሆንኩ ወዲያው ይታወቃል። በአንድ ሆስፒታል የጥገና ክፍል ውስጥ እሠራለሁ፤ የሁለት ልጆች አባት ነኝ።

አደን የጀመርኩት እዚህ ነው። ጡረታ ሊወጣ የተቃረበ አሜሪካዊ የሥራ ባልደረባዬ «ና፣ ለብርዱ ወራት ሥጋ እናምጣ» ብሎ አስለመደኝ። የአዳኝነት ትምህርቱን ወስጄ ፈተናውን አለፍኩ፣ ፈቃድ አወጣሁ፣ ጠመንጃም በሕጋዊ መንገድ ገዛሁ። አገር ቤት አባቴ የታወቀ ብልት አውጪ ነበር፤ ለበዓል ሰንጋ ሲጣል ሰፈሩ ሁሉ የሚጠራው እርሱን ነው። እኔም ካራ መያዝ የተማርኩት ከእርሱ ነው። ስለዚህ ተራራ ላይ አውሬ ሲወድቅ ጓደኛዬ ዞር ብሎ ይቀመጣል፤ የመግፈፉና የመበለቱ ሥራ የእኔ ነው።

በመጀመሪያው ዓመት ከድንኳናችን ደጃፍ ቡና እያፈላሁ ሳለ ጌም ዋርደን፣ የዱር እንስሳትና የአደን ጠባቂ ማለት ነው፣ በፒካፕ መኪና መጣ። ሽማግሌ ቢጤ ነው። ፈቃዴን አየ። ከዚያም ዋዜማውን የመታሁትን አጋዘን ሲመለከት፣ ታግ የሚሉትን መለያ ወረቀት ሳልፈርምበትና ቀን ሳልጽፍበት ኪሴ ውስጥ እንደያዝኩት አወቀ። ክው አልኩ። ሰውየው ግን እስክሪብቶውን ከደረት ኪሱ አውጥቶ ሰጠኝና «በል አሁን ፈርም፤ ከእንግዲህ አውሬው እንደወደቀ ወዲያው ነው የሚፈረመው» አለኝ። ትኬት አልጻፈብኝም። ቡና አቀረብኩለት፤ በስኒ ሁለት ጠጣ። ሲሄድም የስም ካርዱን ሰጥቶኝ «ያልገባህ ነገር ካለ ደውል» አለኝ። ካርዱ እስከ ዛሬ ቦርሳዬ ውስጥ አለ።

ባለፈው መኸር የ14 ዓመት ልጄን ይዤው ወጣሁ። ውሰደኝ ብሎ የለመነኝ እርሱ ነው። ፈቃዴ ለሴት ኤልክ ነበር፤ ኤልክ ከፈረስ ብዙ የማያንስ ትልቅ አጋዘን ነው። ቀናኝ። ታጉን ወዲያው ፈረምኩ። እዚያው በረዶው ላይ ገፈፍኳት፣ አባቴ እንዳስተማረኝ ብልቷን አንድ በአንድ አወጣሁ፣ ጡቷን ከነስቡ ቆርጬ ጣልኩ፣ ጭንቅላቷን እዚያው ተውኩ። ሥጋውን በጨርቅ ከረጢት ተሸክመን ወረድን። ንጹሕ ሥራ ነበር፤ ልጄ አጠገቤ ቆሞ ካራ አቀባዬ ነበር።

ጓደኛዬ ትንሽ ቀድሞን መኪናው ጋ ደርሶ ነበር። እኛ ስንደርስ አንድ ወጣት ጠባቂ፣ ረዳት ይመስለኛል፣ እዚያ ቆሟል። ገና ሳልጠጋ «እጅ ወደ ላይ!» አለኝ። ከረጢቱን ጥዬ እጄን አነሳሁ። ጠመንጃዬን ከትከሻዬ አውርዶ ወሰደው። «የማን ነው? ከየት አመጣኸው? ለጠመንጃው ወረቀት አለህ?» እያለ ደጋግሞ ጠየቀኝ። ይህ ሁሉ ሲሆን ነጩ ጓደኛዬ፣ እርሱም ጠመንጃ ይዞ፣ መኪናውን ተደግፎ ከፔርሙሱ ቡና ይቀዳል። ቀጥሎ ከረጢቶቹን ፈትቶ አየና «ጾታዋ የሚለይበት ምልክት የለም» ብሎ የክስ ወረቀት ጻፈብኝ፤ ሥጋውንም ወሰደው። ደንቡን አላውቀውም ነበር። ቤት ገብቼ መምሪያውን ሳየው ግን ተጽፏል።

ልጄ በመንገድ ላይ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ማታ እናቱን «አባዬ ሰርቆ ነው?» ብሎ ጠይቋታል። ከዚያ ወዲህ የአደን ነገር አያነሳም፤ ጀምሮት የነበረውን የአዳኝነት ትምህርትም ተወው።

ባለቤቴ «ጠመንጃውን ሽጠው፤ ጥቁር ሰው መሣሪያ ይዞ ጫካ ለጫካ ምን ያዞረዋል? ሥጋ እንደሆነ ገበያ ሞልቷል» ትላለች። አንድ የአገሬ ልጅ «ይህ ዘረኝነት ነው፤ ካልከሰስክ ወንድ አይደለህም» ይለኛል። የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ «ክፈልና እርሳው» ይላል። የቀጠሮዬ ቀን ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። በዚህ ላይ ለዜግነት ላመለክት ወረቀት እያሰባሰብኩ ነው። ብከፍል አጠፋሁ ማለቴ ነው፣ ብከራከር ነገረኛ እባላለሁ። ልጄንስ ምን ልበለው?

አባ ወራው፣ ከተራራው ሥር

*

ወንድም ዓለም፣ ታላቅህ ስለሆንኩ አንተ እያልኩ ልቀጥል።

ከደብዳቤህ ውስጥ የቅጣቱን ገንዘብ መጠን ፈልጌ አጣሁት። አልጻፍከውም። ሽማግሌው ጠባቂ እስክሪብቶውን ከየትኛው ኪሱ እንዳወጣው፣ ጓደኛህ በዚያች ሰዓት ምን ተደግፎ ምን ይቀዳ እንደነበረ ግን አንድም ሳታስቀር ነግረኸኛል። ስለዚህ ቀጥዬ ስለ ሕግና ስለ ወረቀት ብዙ ባወራ፣ ያቆሰለህ ወረቀቱ እንዳልሆነ ሳይገባኝ ቀርቶ አይደለም። ቀነ ቀጠሮ ያለው እርሱ ስለሆነ ነው የማስቀድመው።

እኔ እንደሚታየኝ በዚያን ቀን ሁለት ነገር ደርሶብሃል። አንዱ፣ ደንብ ተላልፈህ መገኘትህ ነው። ሌላው፣ አንድ ባለ ሥልጣን አንተን ከጓደኛህ ለይቶ ማየቱ ነው። ሁለቱም ከአንድ ሰው እጅ በአንድ ሰዓት ስለመጡብህ ተጣብቀው አንድ ሆነውብሃል። ብከፍል ውርደቱን ተቀበልኩ፣ ብከራከር ጥፋቴን ካድኩ የሚል አጣብቂኝ ውስጥ የከተተህም ይኸው ይመስለኛል። የአገርህ ልጅ የሚያየው ሁለተኛውን ብቻ ነው፤ ባልደረባህ የሚያየው የመጀመሪያውን ብቻ። ሁለቱም ይወዱሃል፤ የነገሩህ ግን ግማሽ ግማሹን ነው።

ከደንቡ እንነሳ። ግዛትህን ስለሰወርክብኝ የኮሎራዶን በምሳሌነት ልውሰድ፤ የጎረቤቶቿም ደንብ ከዚህ ብዙ አይርቅም። እዚያ ብዙው የኤልክ ፈቃድ በጾታ ተለይቶ ነው የሚሰጠው። አንድ ወንድ ኤልክ ብዙ ሴቶችን ስለሚያስረግዝ የመጪው ዓመት ጥጃ ብዛት የሚወሰነው በሴቶቹ ቁጥር ነው፤ መሥሪያ ቤቱም በየዓመቱ ስንት ሴት እንደምትገደል ካልተቆጣጠረ መንጋውን አልጠበቀም። ሴት ኤልክ ደግሞ ከ200 ኪሎ በላይ የምትመዝን ፍጥረት ናት፤ ሳትበለት ከተራራ አትወርድም። ተበልታ ከረጢት ከገባች በኋላ ጠባቂው የሚያየው ቀይ ሥጋ ብቻ ነው፤ ወንድ ትሁን ሴት በዓይን አይለይም። ስለዚህ የጾታው ምልክት፣ ሴት ከሆነች ጡቷ ወይም ብልቷ፣ ወንድ ከሆነ ቆለጡ ወይም ሌላው፣ ከሥጋው ክፍል ከአንዱ ጋር በተፈጥሮው እንደተያያዘ መቅረት አለበት። ተቆርጦ ለብቻው በላስቲክ ቢያዝ አይቆጠርም። ከኋላ ታፋዋ ላይ መዳፍ የማይሞላ የጡት ቁራጭ ትተህ ቢሆን ኖሮ ያ ወጣት በዚህ በኩል የሚጽፍብህ አልነበረውም።

አየህ፣ ያስቀጣህ የአባትህ ሙያ ነው። በቅርጫ መደብ ላይ ጡትና ቆለጥ አንጠልጥሎ የሚተው ብልት አውጪ እኛ አገር ሰው ይስቅበታል፤ ዳግመኛም አይጠራም። አንተ ያንን ንጽሕና ይዘህ በረዶ ላይ ወጣህ፤ እዚያ የሚፈለገው ግን ትንሽ ቆሻሻ ሥራ ነበር። ይህን የምልህ ላጽናናህ ብቻ አይደለም፤ ለፍርድ ቤቱም ሊነገር የሚገባው እውነት ነው። ፈቃድህ ትክክለኛ ነበር፣ ታጉን በሰዓቱ ፈርመሃል፣ ሥጋውንም አላባከንክም። በእነዚያ ግዛቶች የሚበላ ሥጋ ጫካ ጥሎ መሄድ ከባድ ጥፋት ነው፤ አንተ የተያዝከው ከመጠን በላይ አጽድተህ ነው። ከመገፈፏ በፊት የተነሳ ፎቶ ካለም ፈልገው። የ14 ዓመት ልጅ ስልክ ይዞ ተራራ ወጥቶ ፎቶ ሳያነሳ አይቀርም።

አንድ ነገር ግን ሳልደብቅ ልንገርህ። ትኬቱን መጻፉ ብቻውን በደል ነው ብዬ አላምንም። ሽማግሌው ያልተፈረመ ታግ ይዘህ አግኝቶህ ሲያልፍህ፣ ወጣቱ የጾታ ምልክት አጥቶ ሲከስህ፣ ሁለቱም የተጠቀሙት በአንድ ዓይነት ሥልጣን ነው፤ ጠባቂ በእንዲህ ያለው ጥፋት አስጠንቅቆ ማለፍም፣ መክሰስም ይችላል። መጀመሪያ ያገኘኸው ቸር ስለነበር የኋለኛው ጥብቅነት ከልኩ በላይ መርሮህ ይሆናል። ይህን ስትሰማ ከከፋህ አንድ ሁለት ቀን አሳድረህ ድገመው።

እንዲህም ሆኖ ነገ ሄደህ አትክፈል። በብዙ ቦታ የክሱን ገንዘብ መክፈል ጥፋተኛ ነኝ ብሎ ከመፈረም አይለይም። «ክፈልና እርሳው» ለተወላጁ ባልደረባህ ደህና ምክር ነው፤ ዜግነት ለሚጠይቅ ሰው ግን የሚረሳ ነገር የለም። ኤን-400 የሚባለው የዜግነት ማመልከቻ በሕግ አስከባሪ ተይዘህ ወይም ትኬት ተጽፎብህ ያውቅ እንደሆነ ይጠይቅሃል፤ የአደን ጠባቂም ሕግ አስከባሪ ነው። መልስህ «አዎ» ነው። እንዲህ ያለ አንድ ጥፋት ብቻውን ዜግነት ያስከለክላል ብዬ አልሰጋም። መደበቁ ነው የሚያሰጋኝ። የአመልካች መልካም ጠባይ የሚመዘነው በተለይ ከማመልከቻው በፊት ባሉት አምስት ዓመታት ነው፤ የአሜሪካ ዜጋ ላገባ ደግሞ በሦስት፤ እዚያ ሚዛን ላይ ውሸት ከአደን ጥፋት ይልቅ ይከብዳል።

ስለዚህ ከቀጠሮህ በፊት፣ ክሱን በእጅህ ይዘህ፣ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ጋ አንድ ጊዜ ተቀመጥ። የምትጠይቀው ይህን ነው፤ ክሱ በግዛትህ ሕግ እንደ ትራፊክ ቅጣት ያለ ነው ወይስ ከቀላል ወንጀል የሚመደብ? አንዳንዱ ግዛት እንዲያ፣ አንዳንዱ እንዲህ ያደርገዋል፤ ልዩነቱ ለአንተ ትልቅ ነው። ከፍ ያለው ከሆነ ከዐቃቤ ሕጉ ጋር ተነጋግሮ ወደ ዝቅተኛው ማውረድ ይቻል እንደሆነ ይነግርሃል። እንግሊዝኛህ ለሥራ ቢበቃህም ለችሎት ካላስተማመነህ አስተርጓሚ ጠይቅ፤ ይህ መብት እንጂ ልመና አይደለም።

ዝም ብሎ መቅረት ግን እንዳታስብ። ኮሎራዶ፣ ኔቫዳና ኦሪገን እ.ኤ.አ. በ1989 የጀመሩት፣ ዛሬ የአገሪቱ ግዛቶች ሁሉ ለማለት በሚቻል መልኩ የገቡበት የአደን ጥፋተኞች ስምምነት አለ። በአንዱ ግዛት የተጻፈበትን ክስ ችላ ያለ ሰው በሌላውም የማደን ፈቃዱን ሊያጣ ይችላል። በኮሎራዶ ጥፋቶቹ በነጥብም ይያዛሉ፤ በአምስት ዓመት ውስጥ 20 ነጥብ የሞላበት ፈቃዱ ሊታገድ ይችላል።

አሁን ወደሚያቃጥለው ልሂድ።

እ.ኤ.አ. በጥር 1981 በአይዳሆ በረሃ ቢል ፖግና ኮንሊ ኤልምስ የተባሉ ሁለት ጌም ዋርደኖች፣ ያለ ወቅቱ ያድናል የተባለ ክሎድ ዳላስ የሚባል ሰው ድንኳን ድረስ ሄደው ሁለቱም በጥይት ተገደሉ። ይህን የማነሳው ለወጣቱ ጥብቅና ልቆም አይደለም። የሥራቸውን ጠባይ እንድታየው ነው። የአደን ጠባቂ በወቅቱ የሚያገኘው ሰው ሁሉ ጠመንጃ ይዟል፤ እርሱ ብዙ ጊዜ ብቻውን ነው፤ የቆመበት ቦታ ስልክ ላይሠራ ይችላል። ስለዚህ «እጅህን ልየው» ማለቱም፣ ጠመንጃህን ለጊዜው ተቀብሎ መያዙም ብቻውን ስድብ አይደለም። ሽማግሌውም ቢሆን ከድንኳናችሁ ሲጠጋ መጀመሪያ ያየው እጅህን ይሆናል፤ እጅህ ጀበና ይዞ ነበር።

ጠመንጃ የያዛችሁት ግን ሁለት ነበራችሁ። ፍርሃት ከሆነ ስለምን አንዱን ብቻ ፈራ? ይህ ጥያቄህ ተገቢ ነው፣ እኔም ይከነክነኛል። ከመደምደምህ በፊት ግን ጥቂት ነገር ልጠይቅህ። ጓደኛህ ቀድሞ ደርሶ ነበር ብለሃል፤ እናንተ ሳትደርሱ ከጠባቂው ጋር ተነጋግሮ፣ ፈቃዱን አሳይቶ ኖሯል? ጠመንጃው ባዶ መሆኑ ታይቶ ነበር? የአንተስ አፈሙዝ ወዴት ነበር? ይህን ባልደረባህን ጠይቀው፤ እስከ ዛሬ የጠየቅከው አይመስለኝም። ምናልባት መልሱ ነገሩን ያቀልልሃል። ምናልባትም ያከብደዋል፤ «እኔን ምንም አልጠየቀኝም» ይልሃል። በዚያ ጊዜ ጥርጣሬህ ጥርጣሬ ብቻ አይሆንም።

«ወረቀት አለህ ወይ» ያለህን በተመለከተ፣ ቋሚ ነዋሪ ጠመንጃ እንዳይኖረው የፌዴራል ሕጉ አይከለክልም። ሕጉ ግሪን ካርድህን ይዘህ እንድትንቀሳቀስ ያዝዛል፤ ጫካም ቢሆን ያዘው። ያንኑ ጥያቄ ለጓደኛህ ያላነሳ ጠባቂ ግን የጠየቀው ፊትህን አይቶ ነው ብትል ማንም አይፈርድብህም።

ያደግነው «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» በሚባልበት አገር ነው። ደንብ ልብስ ስናይ ወይ አጎንብሰን እናልፋለን፣ ወይ ዞር ሲል እንሰድባለን። ይገርመኛል፤ አያቶቻችን ለአንድ ጥማድ መሬት እስከ ንጉሡ ችሎት በእግራቸው ሄደው የሚሟገቱ ሰዎች ነበሩ። አንተም አቤት በል። ክስ ሌላ፣ አቤቱታ ሌላ ነው፤ የአገርህ ልጅ የሚለው ክስ ብዙ ገንዘብና ዓመታት ሊፈጅ ይችላል፣ ወንድነትንም ከዚህ ውስጥ ያውጣልኝ። አቤቱታው ግን አንድ ገጽ ይበቃዋል። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ ማን የት እንደቆመና ማን ምን እንዳለ ብቻ ጻፍ፤ «ዘረኛ» የሚለውን ቃል አትጻፈው፣ ያነበበው ራሱ ይድረስበት። ዛሬ ማታ ጻፈው፤ ዝርዝር ነገር ቶሎ ይጠፋል። ባልደረባህም ያየውን በራሱ ቃል ይጻፍልህ። እዚህ ላይ «እርሳው» የሚለው ሰው ምን ያህል ወዳጅ እንደሆነ ታያለህ። ጠባቂው ደረቱ ላይ ካሜራ አድርጎ ከነበረ ምስሉ እንዳይጠፋ ጠበቃህ ፈጥኖ በጽሑፍ ይጠይቅ። አቤቱታውን የማስገባቱ ጊዜ ግን ጠበቃህ በሚልህ ይሁን፤ ክሱ ሳይዘጋ የጻፍከው ቃል ተመልሶ በራስህ ላይ ሊቀርብ ይችላል።

ስለ ባለቤትህ። ፍርሃቷ መሠረት የለውም ብዬ አላታልልህም። አንተ የነበርክበትን ቅጽበት እርሷ በየሌሊቱ የምታየው አንተ ካየኸው አስከፍታ ነው፤ በእርሷ ሕልም ውስጥ ወጣቱ ይተኩሳል። «ጠመንጃውን ሽጠው» ስትልህ ስለ ሥጋ ተከራክረህ አትመልስላት። እርግጥ ነው ሥጋ ገበያ ሞልቷል። ጠይቃት፤ የሚያስፈራሽ ጫካው ነው? መሣሪያው ነው? ወይስ ልጃችን አጠገቤ መቆሙ? ሦስቱ የየራሳቸው መልስ አላቸው። እስከዚያው ጠመንጃው ተቆልፎ ይቀመጥ፤ በንዴት አይሸጥ፣ በእልህም አይነሳ። የሚመጣውን ወቅት ብታሳልፈው እንኳ ጫካው የትም አይሄድም።

ተመልሰህ የምትወጣ ከሆነ ደግሞ ጠባቂ ስታይ ምን እንደምታደርግ ለእርሷ አሳያት፤ በቃል ሳይሆን ሳሎን ውስጥ ቆመህ። ጠመንጃው ጥይቱ ወጥቶ፣ መቀርቀሪያው ተከፍቶ፣ አፈሙዙ ወደሌላ አቅጣጫ። ከሩቅ ሰላምታ፤ «ጠመንጃዬ ባዶ ነው፣ የት ላስቀምጠው?» ብሎ መጠየቅ። ፈቃድና ታግ ከላይኛው ልብስ ኪስ እንጂ ከካፖርት ሥር አይሁን፤ እጅ ወደ ኪስ ከመግባቱ በፊትም «ላውጣው?» ማለት። እንዲህ ማድረግ ያለበት ሰው ሁሉ ነው፤ አንተ ግን ከሰው ሁሉ ይልቅ ልታደርገው ግድ ይልሃል። ይህ ፍትሐዊ አይደለም፤ እርሷም ታውቀዋለች።

ልጅህ ደግሞ ከሁሉ በላይ ያሳስበኛል። «አባዬ ሰርቆ ነው?» ያለው ልጅ አንተን አልጠረጠረም ብዬ ነው የማስበው። ሌባ ካልሆነ ሰው እጁን እንዲያነሳ እንደማይደረግ እስከ ትናንት ያምን ነበር፤ አሁን ከሁለት አንዱን መተው አለበት፤ ወይ አንተን፣ ወይ ያንን እምነት። በ14 ዓመት ይህ ከባድ ነው። ዝም ያለውም ለዚህ ይሆናል፤ ወይም ደግሞ ውሰደኝ ብሎ የለመነህ እርሱ ስለሆነ ጥፋቱን የራሱ አድርጎታል። ይህ መጥቶልህ ያውቃል?

አንተ ዝም ብትል እርሱ ራሱ ይፈርዳል። ስለዚህ መኪና ውስጥ፣ ጎን ለጎን ሆናችሁ፣ ዓይን ለዓይን መተያየት በማያስፈልግበት ቦታ ንገረው። ሁለቱንም፣ ሳትቀላቅል። «ሥጋውን ስበልት ደንብ ተላልፌአለሁ፤ አላውቀውም ነበር፣ ማወቅ ነበረብኝ፤ ለዚህ ፍርድ ቤት ሄጄ እመልሳለሁ። አልሰረቅኩም። ሰውየው እኔን የያዘበት መንገድ ግን ልክ አልነበረም፤ ለዚያም በጽሑፍ አቤት እላለሁ።» ከዚህ በላይ አታስረዝመው። ስለ አሜሪካና ስለ ጥቁር ሰው ታሪክ ትምህርት አትስጠው፤ ከአንተ ይልቅ እርሱ በትምህርት ቤት ሰምቶት ይሆናል። ከዚያ ጠይቀው፤ «አንተ ምን አየህ?» መልሱ ነገ ቢመጣም፣ ከወር በኋላ ቢመጣም ጠብቀው። ምስክር ሁንልኝ ግን አትበለው፤ ራሱ ካልመጣ በስተቀር።

ወደ ትምህርቱ እንዲመለስም አትጎትጉተው። የዘንድሮውን የአደን መምሪያ ይዘህ «ይህን አንቀጽ አንብበህ አስረዳኝ» ማለት ትችላለህ። ከልብህ የምታደርገው ከሆነ ነው ታዲያ፤ እንግሊዝኛው ከአንተ እንደሚሻል ሁለታችሁም ታውቃላችሁ፣ የለበጣ ከሆነ ያውቅብሃል።

የሽማግሌውን ካርድ በተመለከተ፣ ክሱ ሲዘጋ ደውልለት። የባልደረባውን ክስ ይዘህ አትሂድበት፤ እርሱን ከማያገባው ቦታ መክተት ነው። የምትጠይቀው የሙያ ጥያቄ ነው፤ ሴት ኤልክ ስበልት ምልክቱን ከየትኛው ታፋ ላይ፣ ምን ያህል ልተው? ልጅህ መስማት ከፈለገ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርገው።

ይህ ሁሉ ግን ከጠበቃው በኋላ ነው። ሦስት ሳምንት ቅርብ ነው፣ የችሎት አስተርጓሚም ቀደም ብሎ ካልተጠየቀ አይገኝም። ነገ ጠዋት ደውል፤ ጠበቃው ያለህን ጻፍልኝ፣ የባልደረባህንም መልስ ጨምርበት።